ጓሳ በበጋ፣ በበልግ፣ በክረምት



የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኞች ከሆንን ወዲህ በየመኝታ ክፍሉና በየምግብ ሰልፉ የሚነሣው ጨዋታ አንድ ብቻ ሆኗል፤ ምደባ። «ደጋ ይደርሰን ይሆን ወይስ ቆላ?» «መብራት አለ? መንገድ ይገባል? ኔትወርክ ይሠራል?» እየተባለ ይጠየቃል። ሰው የሚኖርበትን ቦታ አስቀድሞ ቢጠይቅ ነውር የለውም። ችግሩ መልስ ሰጪው ላይ ነው። መልሱን የሚሰጠን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን በዚያ በኩል በመኪና ያለፈ ሰው ነው። «አይ፣ እሱ አገርማ ብርድ ነው፤ ሰው አይኖርበትም!» ይልና ነገሩን ይዘጋዋል። ሰሚውም ይህንኑ ይዞ ቅጹን ይሞላል።

እኛ አራት ሆነን በአንድ ከፍተኛ ቦታ፣ በአንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ አድረናል። አንዱ በበጋ፣ ሁለተኛው በበልግ፣ ሦስተኛው በክረምት ነበር። ቦታው የመንዙ ጓሳ ነው። ሦስቱ ጉዞዎች ያስተማሩንን ባጭሩ ስንናገረው ይህ ነው፤ ደጋ በዓመት ውስጥ ሦስት አገር ነው። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ስለ ደጋም ሆነ ስለ ደጋ ልጆች ለመፍረድ ቢቸኩል እውነቱን አያገኘውም።

በመጀመሪያ እኛ እነማን እንደሆንን እንናገር። ከአራታችን አንዱ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። «ቆለኛው» እያልን እንጠራዋለን፤ እሱም አይከፋውም። አንዷ የደብረ ብርሃን ከተማ ልጅ፣ ሌላዋ የምንጃር ልጅ ናት። አራተኛው ከመሐል ሜዳ ማዶ የሚኖር የገበሬ ልጅ ነው፤ መንዜው እንበለው። ቆለኛው አባቱ በመስኖ ሽንኩርትና ማሾ ያለማሉ። «አስተማሪነቱን ተውና ና፤ ከእኔ ጋር ሥራ፤ የተሻለ ታገኛለህ» እያሉ በየጊዜው ይልኩበታል። እሱም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ «ደጋ ከተመደብሁ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤቴ ነው» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጓሳ የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው ደጋ ላይ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ይህ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል፣ ደርቆም መኝታ ይሆናል። በሜዳው ላይ ጅብራና አስታ ይበቅላሉ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የማይገኙ ናቸው። በምሥራቅ በኩል ገደሉ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ቆላው ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ከዚሁ ደጋ የሚነሣው ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ማረፊያ ቤቱ የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። ጌጥ የለውም፤ አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ ምድጃ፣ ደጃፉ ላይ የሚቀመጡበት አግዳሚ፤ ከዚያ በኋላ ሜዳና ሰማይ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለጂኦግራፊ ትምህርት የመስክ ጉብኝት ነበር። የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ እንደ ቆላ ፀሐይ ትፋጃለች። ቆለኛው ሹራቡን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «ይሄ ነው እንዴ የምታስፈራሩኝ ብርድ?» አለ። በወጥ ቤት የሚሠሩት እናት ይህን ሰምተው ከበራፍ ላይ ሳቁ። «ልጄ፣ ፀሐይዋን አትመናት፤ ስትጠልቅ ባናህን ፈልግ» አሉት። እኛም ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ እያልን ጠራናቸው።

እንዳሉትም ሆነ። ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥርሳችን መጋጨት ጀመረ። የገብስ እንጀራ በባቄላ ወጥ በልተን በምድጃው ዙሪያ ተኮለኮልን። እትዬ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና ለየአንዳንዳችን አመጡልን። ባናው ከባድ ነው፤ ሲተኙበት በግ የተጫነ ይመስላል። እንዲያም ሆኖ ሌሊቱን የተኛ አልነበረም። ጧት ስንነሣ ውጪ ያደረው ጀሪካን ውኃው ላዩ በረዶ ሠርቷል፤ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። በጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚለው በደረቁ ወራት ቀን እስከ 21 ዲግሪ የሚሞቀው አየር ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 7 ዲግሪ ይወርዳል። ከቀን እስከ ሌሊት የ28 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ቆለኛው ባናውን እንደተከናነበ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ «በቃ፣ አየሁት። ይሄ የሰው አገር አይደለም» አለ። ማንም አልመለሰለትም። በዚያች ጧት የሚመለስ መልስም አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ግን አንድ ነገር አየን። ጊዜው ሦስት ሰዓት ሆኗል። ከመንገዱ በታች ባለው የድንጋይ ካብ ሥር ስድስት ሰባት ልጆች ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ። የደብረ ብርሃኗ ጓደኛችን «እነዚህ ልጆች በዚህ ሰዓት ትምህርት ቤት መሆን አልነበረባቸውም?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀች። ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፣ ውርጩ ሳይረግፍ ከብት አይወጣም። ውርጭ ያለበትን ሣር የጋጠ ከብት ይታመማል። ከብቱ ካልወጣ ደግሞ ልጁ አይወጣም። አሁን ከብቱን አውጥተው፣ እጃቸው እስኪፈታ ነው የተቀመጡት። በደነዘዘ እጅ ምን ይጻፋል?» ይህን መልስ ሁላችንም በማስታወሻችን ላይ ጻፍነው። ከጉብኝቱ ሪፖርት ውስጥ ግን የሚገባበት ርዕስ አጣንለት፤ የተሰጠን ርዕስ ስለ አፈርና ስለ ዕፅዋት ነበርና።

ከተመለስን በኋላ በክፍል ውስጥ «አልፓይን» ስለሚባለው የተራራ አየር ተማርን። ቃሉ የመጣው በአውሮፓ ካሉት ከአልፕስ ተራሮች ነው፤ የጓሳን ዓይነት አገር ሳይንቲስቶች «አፍሮ አልፓይን» ይሉታል። በአልፕስ ላይ የተሠሩ የድሮ ሆቴሎች ታሪክ ለእኛ ነገር ጥሩ ማነጻጸሪያ ሆነልን። በስዊዘርላንድ ሴንት ሞሪትዝ የምትባል ከተማ አለች፤ ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ቀድሞ እንግዳ ወደዚያ የሚሄደው በሞቃቱ ወራት ብቻ ነበር። በረዶ ሲጀምር ሁሉም ወደ አገሩ ይመለስና ሆቴሉ ጭር ይላል። በ1864 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዮሐንስ ባድሩት የተባለ የሆቴል ባለቤት ለእንግሊዛውያን ደንበኞቹ ውርርድ አቀረበ ተብሎ ይተረካል። «በበረዶው ወራት ኑ፤ ፀሐይ ካላገኛችሁ የመንገዳችሁን ወጪ እኔ እችላለሁ» አላቸው ይባላል። መጡ፤ በረዶው ላይ ፀሐይ ሞቁ፤ ወድደውት ሰነበቱ። በኋላ ያቺ ከተማ በ1928 እና በ1948 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት ሆነች። አንድ ሰው እንግዶቹን «አገሬን በሌላው ወር እዩት» ስላለ የአገሩ ስም ተለወጠ ማለት ነው።

በዚያው በአልፕስ፣ በታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ ላይ፣ በ2,469 ሜትር ከፍታ መነኮሳት ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መንገደኛ የሚቀበሉበት ቤት አለ። በበረዶው ወራት መኪና መንገዱ ይዘጋል፤ መነኮሳቱ ግን እዚያው ሆነው በእግር የሚመጣውን ይቀበላሉ። ለእንዲህ ያለው ቤት ክብር የሰጠው በማይመቸው ወር በሩን አለመዝጋቱ ይመስለናል።

ታዲያ የእነሱና የእኛ ደጋ አንድ አይደለም። በአልፕስ ብርዱና ሙቀቱ በወራት ተከፋፍለው ይመጣሉ፤ የበረዶ ወር አለ፣ የአበባ ወር አለ። በእኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ብርዱና ሙቀቱ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈራረቃሉ። በኅዳር ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ የበረዶ ወራት ነው። የእኛን ወራት የሚለያቸው ዋናው ነገር ዝናቡና ደመናው ነው። መምህራችን ይህን ሲያስረዱን እንዲህ አሉ፤ «በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመና ሲኖር ግን ሙቀቱን ይይዝባታል፤ ደመና የምድር ባና ነው።» ቆለኛው ከኋላ ወንበር «እንግዲያው ክረምት ይሞቃል ሊሉን ነው?» አለና ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። «ሄደህ እይ» አሉት።

ሁለተኛው ጉዟችን በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ለማስተማር ልምምድ ነበር። በጓሳ አቅራቢያ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብን። መጀመሪያ የምንከራየው ቤት ስላልተገኘ ማኅበረሰቡ ፈቅዶልን የመጀመሪያዎቹን አምስት ሌሊቶች በዚያው ማረፊያ ቤት አደርን። እትዬ ሲያዩን «መጣችሁ ደግሞ!» ብለው አገላብጠው ሳሙን።

ያኔ ጓሳ ሌላ አገር ሆኖ ጠበቀን። ሣሩ ገርጥቷል፤ ንፋሱ አቧራ ያነሣል፤ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ያያል። በመንዝ ከፍተኛ ቦታዎች ገበሬው ገብሱን ብዙውን ጊዜ የሚዘራው በበልግ ዝናብ ነው። በኅዳር ሜዳው ላይ ውርጭ እንደሚያደርስ ስላየን ምክንያቱ አልጠፋንም። የካቲት ዝናብ ሳይጥል ወጥቷል፤ መጋቢትም እየገፋ ነው። በአራተኛ ክፍል ስም ስንጠራ ሲሦው ልጅ አልነበረም። ከብቱን ሣር ወዳለበት ወደ ሩቅ ወስደው፣ ወይም ከሩቅ ምንጭ ውኃ ሊቀዱ ሄደው ነው። ማታ ማታ በወጥ ቤቱ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ጓሳው ይከፈት ይሆን?»

ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳን ጋሼ ነው። የጓሳ ሣር እንደ ልብ የሚታጨድ አይደለም። ጥበቃው የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የአካባቢው ሰው ከአባቶቹ ከአስቦና ከጌራ ዘመን ያያይዘዋል። ሜዳው ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ሰው ተሰብስቦ ቀን ይቆረጥና ይከፈታል፤ ሁሉም በሥርዓት ያጭዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ የቀድሞው የመሬት ይዞታ ስለ ቀረ አሮጌው ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳውም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አላየውም። ከየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች ያሉበት አዲስ ጥበቃ አቋቁሞ ቀጠለ፤ በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ መሆኑን በሕግ አጸናለት። «ጓሳ የክፉ ቀን ጎተራችን ነው» አሉን ጋሼ። «እህል ሲጠፋ ሣሩ ይሸጣል፣ ከብቱ ይተርፋል። በደህና ቀን ቢበላማ በክፉ ቀን ምን ይዘን እንቆያለን?»

በዚያው ሰሞን ጭላዳዎቹን በቅርብ አየናቸው። በኅዳር ሣር ይነጩ የነበሩት አሁን ተቀምጠው በጣቶቻቸው መሬት እየቆፈሩ ሥር ያወጣሉ። እንስሳውም በወሩ ይኖራል። ተመራማሪዎች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህኑ የጓሳ ጭላዳዎች ወር ሳይመርጡ ይከታተሏቸዋል። ካገኙት ነገር አንዱን ጋሼ በተግባር ያውቁት ነበር፤ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ይቀናዋል። ተመራማሪዎቹ ቆጥረው ሲያረጋግጡ ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ፣ ከጭላዳ ጋር ሲሆን ግን ከሦስት ሁለቱ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም ቀበሮውን አይሸሹትም። አንድ ጧት ብቻ ያየ ሰው ግን «ቀበሮው ግልገል ሊበላ መንጋ ውስጥ ገባ» ብሎ መሄዱ ነው። ነገሩ የተገለጠው ለቆየው ሰው ነው።

በአምስተኛው ሌሊት ዝናቡ በበረዶ ታጅቦ መጣ። ጣሪያው ሲንኳኳ እትዬ ከመኝታቸው ተነሥተው እልልታቸውን አቀለጡት። እኛም «እንግዲህ ነገ ክፍሉ ይሞላል» ብለን ተደሰትን። በማግሥቱ ክፍሉ ከበፊቱም ባሰ፤ ግማሹ ባዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ መመለስ ጀመሩ። ቆለኛው ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ «ትናንትና ከትናንት በስቲያ ለምን ቀረሽ?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ ዘር ነበረን» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃትም ይቅርታም አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው። ማታ ቆለኛው በምድጃው ዳር «እኛ አገር ውኃው በቦይ ይመጣል፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ታጠጣለህ። እዚህ ግን ዝናቡ በመጣበት ቀን ያልዘራ ገበሬ ዓመቱን ተበላ ማለት ነው» አለ። የገበሬ ልጅ ስለሆነ ከእኛ ከሌሎቻችን ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ስሟን በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብሎ ጻፈ፤ ደንብ ነውና። ከትምህርት በኋላ ግን ያመለጣትን የክፍልፋይ ትምህርት ሊያስረዳት ግማሽ ሰዓት ቆየ።

ሦስተኛው ጉዞ ያልታሰበ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመንዜው ጓደኛችን አባት ዐረፉ። ሦስታችን ለቅሶ ለመድረስ ወደ መሐል ሜዳ ማዶ ሄድን። አልቅሰን፣ ሦስት ቀን አስተዛዝነን፣ እሱን እናቱ ዘንድ ትተን በአንድ አይሱዙ ተሳፍረን ስንመለስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ቢገፋ አይወጣም፤ ጉሙ ከመንገዱ ዳር ያለውን ሰው እንኳ አያሳይም። ማረፊያ ቤቱ ከዚያ እንደማይርቅ ስለምናውቅ በእግራችን ተነሣን። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ዝናብ ስንመታ ሄድን። በሩን ስናንኳኳ እትዬ ገና ሳይከፍቱ በድምፃችን አወቁን። «የኔ ልጆች! በዚህ ወር ምን አመጣችሁ?» አሉ።

እንግዳ አልነበረም። በክረምት ማንም አይመጣም፤ ክፍሎቹ ሁሉ ጨለማ ናቸው። እትዬ ወደ እንግዳ ክፍል አላስገቡንም፤ ወጥ ቤት ወስደው እሳቱ ዳር አስቀመጡን። ልብሳችንን አድርቀው፣ ቆሎ አቅርበው፣ ትኩስ በትኩስ የገብስ ቂጣ አበሉን። የሞተብንን ሰው ሲሰሙ እሳቸውም አብረውን አለቀሱ። ሰውየውን በገበያ ያውቋቸው ነበር። በማግሥቱ ሒሳብ ስንጠይቅ «ለቅሶ ደርሶ የሚመለስ ሰው ምን ይከፍላል?» ብለው ተቆጡን። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። በጓሳ ግን ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው፤ በመጀመሪያው እንግዳ ነበርን፣ በሁለተኛው ሠራተኛ፣ በሦስተኛው የቤት ሰው ሆንን።

ሌሊቱስ? መምህራችን ያሉት እውነት ነበር። በዝናቡ ወራት የጓሳ አየር ቀን 12 ዲግሪ፣ ሌሊት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀኑ አይሞቅም፤ ሌሊቱም አይገድልም። እርጥበቱ ያስቸግራል፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ሰባት ጊዜ ጫማ ቢያደርቁ ሰባት ጊዜ ይበሰብሳል። ውርጭ ግን የለም። ደመናው እንደ ባና ተደፍቶብን ከኅዳሩ ይልቅ ተኛን። ቆለኛው ጧት ተነሥቶ «አሁን ለመምህራችን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» ሲል ሁላችንም ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ቀን ቆየን። በሁለተኛው ቀን ገሳ የለበሰች ልጅ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። የመጋቢቷ ልጅ ናት። «አስተማሪዎቹ መጥተዋል» ሲባል ሰምታ በጎቿን ለወንድሟ ትታ መጥታለች። ከገሳዋ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጣች። ክረምቱን ሙሉ በጎች እየጠበቀች ክፍልፋይ ስትሠራ ከርማለች፤ አንዱ ቦታ ላይ ግን እምቢ ብሏታል። ቆለኛው ከእትዬ ሰፌድ ላይ ገብስ ቆሎ ዘገነና መደብ ላይ አፈሰሰ። አሥራ ሁለቱን ቆጥሮ ለሦስት ከፈለ፣ ለአራት ከፈለ፣ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ሲደመር ስንት ፍሬ እንደሚሆን ራሷን አስቆጠራት። «ሰባት» አለች። «ከስንት?» አላት። «ከአሥራ ሁለት!» ብላ ጮኸች። ያስቆጠራትን ቆሎ ሁሉ ከዚያ በኋላ ተካፍለው በሉት። እስከ ማታ አልተነሡም፤ እትዬም «ኧረ ቆሎዬን ጨረሳችሁት!» እያሉ ይጨምሩላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ጓሳ አልተመለስንም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። በርካታ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ቆይተዋል። ያቺ ልጅ አሁንም በዓይናችን ላይ አለች። በጎች እየጠበቀች ብቻዋን ክፍልፋይ የምትሠራ ልጅ ያለችበት አገር «ሰው አይኖርበትም» ሲባል ዝም ብለን መስማት ስላቃተን ነው ይህን የጻፍነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንይዛለን? ወደ ደጋ የምንመደብ ሁሉ በኅዳር ጧት የሚያረፍድ ልጅ ባየን ጊዜ ውርጩ ረግፎ እንደሆነ አስቀድመን እንጠይቅ። የሚቻል ከሆነ ከባዱን የጽሕፈት ሥራ እጃቸው ከተፈታ በኋላ እናድርገው። በበልግ የሚቀር ልጅ ቢኖር የዘር ቀን መሆን አለመሆኑን እንወቅ፤ ያመለጠውን የምናካክስበትን ቀንም ከወላጆች ጋር አስቀድመን እንቁረጥ። በክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ ልጁ ግን እዚያው ነው። ከመሄዳችን በፊት ጥቂት ጥያቄ ደብተሩ ላይ ብንጽፍለት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ እሱ ግን ሦስት ወር ይሠራበታል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ግን የቆየ መምህር ነው። በኅዳር ደርሶ በጥር የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አገሩን በአንድ ወር ፊቱ ብቻ አይቶት ይሄዳል። ጓሳን የሚጠብቁት ገበሬዎች ሣሩ እስኪደርስ ሦስትና አምስት ዓመት ከታገሡ፣ እኛ ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ሙሉ ዓመት መታገሥ ያቅተናል?

ደጋ ቀላል ነው አላልንም። ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፤ ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ አሁን ደግሞ ስለ ሰላሙ የሁሉም ሰው ልብ ይሠጋል። ይህን ሁሉ አመዛዝኖ «አልችልም» የሚል ጓደኛ ቢኖር አንፈርድበትም። ለመወሰን ግን አንድ ሌሊት አይበቃም።

ቆለኛው ጓደኛችን ይህ ጽሑፍ በሚለጠፍበት ሳምንት የምደባ ምርጫ ቅጹን ገና አልሞላም። አባቱ ደግሞ ልከውበታል። እኛም ምን መሙላት እንዳለበት አልነገርነውም፤ የራሱ ሕይወት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከደብረ ብርሃን ገበያ አንድ የመንዝ ባና ገዝቶ ሲገባ አይተነዋል። «ለአባቴ ነው» ብሎናል።

ለሁላችንም መልካም ምደባ ይሁንልን።